እቴ ካላሏት የማትሰማ ሳጥን

ሰፈሩ «እትዬ ፊውዝ» የሚላት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የተበላሸ ዕቃ ይዞ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ገና ክዳኑን ሳትፈታ «ፊውዙ ነው» ስለምትል ነው። ሁለተኛውን ፊት ለፊቷ ደፍሮ የሚናገር የለም፤ ቶሎ ስለምትቃጠል ነው። «የሠራሽልኝ ካውያ አልሞቅ አለ» ብሎ የተመለሰ ደንበኛ ነገሩን ሳይጨርስ «ሶኬቱ ላይ ሰክተኸዋል?» ትለዋለች። የሚገርመው፣ አብዛኛውን ጊዜ አልሰካውም።

ሱቋ በልብስ ሰፊውና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ደንበኛ ሲገባ እሷ ጉልበቷን ሰብሰብ ካላደረገች በሩ አይዘጋም። ግድግዳው ላይ ጀርባቸው የተከፈተ ቴሌቪዥኖች ተሰቅለዋል፤ ከጠረጴዛዋ ሥር ደግሞ ነፍሳቸው የወጣ የሳተላይት ሪሲቨሮች ተቆልለዋል። ልብስ ሰፊው «ይህን ቆሻሻ መቼ ነው የምትጥዪው?» ባላት ቁጥር «አንተ ቁርጥራጭ ጨርቅህን በጣልክ ማግስት» ትለዋለች። እሱም አይጥል፣ እሷም አትጥል፤ እንዲሁ እየተነታረኩ አብረው አርጅተዋል።

የምትኖረው ከታላቅ ወንድሟ ጋር ነው። ሁለቱም አላገቡም፤ የወላጆቻቸውን ቤት ወርሰው አንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። «እሷን የሚችል ጠፋ፣ እሱን አዳምጦ የሚጨርስ ጠፋ» ይላል ሰፈሩ። ወንድሟ ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ ጣቢያ ስምሪት ሠራተኛ ነበር። በድምፅ ማጉያ አውቶቡስ የሚጠራ፣ ተሳፋሪ የሚያሳፍር፣ የዘገየ ሾፌር የሚያሳጣ እሱ ነው። ስለዚህ ጡረታ ከወጣም በኋላ «ጋሽ ስምሪት» እንደተባለ ቀረ። ቤት ውስጥም ቢሆን ማጉያው ከእጁ የተነጠቀ አይመስልም ነበር። «ወደ ማዕድ ቤት የምትሄዱ ተሳፋሪዎች፣ ሻዩ ገንፍሏል!» ይላል ተኝቶ ጋዜጣ እያነበበ።

እሷን በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ለእሱ «እቴ» ናት። እቴ፣ መነጽሬን አየሽ? እቴ፣ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ልብሱን አስገቢ። ምንም የሚለው ባይኖረው እንኳ «ወይ እቴ!» ብሎ ይተነፍስና ይተዋል። እሷ ደግሞ «አቤት ጋሼ» ማለት እስኪሰለቻት ትመልሳለች። በልጅነታቸው ከሁለት የቲማቲም ጣሳና ከአንድ ረጅም ክር ስልክ ሠርተው ነበር፤ አንደኛው ጣሳ መኝታ ቤት መስኮት ላይ፣ ሌላው ግቢው በር ላይ። «እኔ አፍ ነኝ፣ አንቺ ጆሮ ነሽ» ብሎ ሥራውን ያከፋፈለው እሱ ነው። ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ስለነበረች አልተከራከረችም፤ ክፍፍሉም በዚያው ጸንቶ ቀረ። በኋላ ሱቅ ከፍታ ሽቦ ስትቀጥል ራሱ፣ ድምፅ የሚያወጣውን «አፍ»፣ የሚቀበለውን «ጆሮ» ማለቷን አልተወችም።

ጋሽ ስምሪት ከአፉ ቀጥሎ የሚኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ቼዝ ነበር። ከጣቢያው ማዶ ፀጉር ቤት የነበረው ሰው የዕድሜ ልክ ተጋጣሚው ነው። ፀጉር አስተካካዩ አንዱን ደንበኛ ግማሽ ላጭቶ፣ ግማሹን በሳሙና አረፋ ትቶ አንድ እርምጃ ሊጫወት ይመጣል፤ ደንበኛውም ሳሙናው እየደረቀበት ማን እንደሚያሸንፍ ያያል። ማን ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ ሁለቱም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሮቹ ግን ተገናኝተው አያውቁም።

ከዚያ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ ለበሽታው ስም ሰጠው፣ መድኃኒትም ሰጠው። መድኃኒቱ እግሩን ረዳው፤ እጁን ግን እምቢ አለው። መጀመሪያ የሻይ ስኒውን ግማሽ ብቻ መቅዳት ለመዱ። ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ቀረና ሹራብ መጣ። ይህን ሁሉ ጋሽ ስምሪት በቀልድ ያልፈው ነበር፤ «እጄ አውቶቡስ እየጠራ ነው» ይላል።

ቀልዱ ያለቀው ፀጉር ቤት ነው። ጨዋታው ጦፎ፣ ሰው ከቦ እያየ፣ ፈረሱን ሊያንቀሳቅስ እጁን ሰደደ። እጁ በራሱ መንገድ ሄደና ሰሌዳውን መታው። ንጉሡም ወታደሩም መሬት ወርደው በተቆረጠ ፀጉር ውስጥ ተንከባለሉ። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለው ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ጎንበስ ብሎ እየለቀመ «ምንም አይደል ወንድሜ፣ በቃ እኩል ይባል» አለ።

ጋሽ ስምሪት ቆቡን አንሥቶ ቤት ገባ። «አዘነልኝ እኮ!» አላት እህቱን። «እኔን! አዝኖልኝ እኩል አለኝ!» ከዚያ በኋላ ስለ ቼዝ አላነሣም። ፀጉር አስተካካዩ ብዙም ሳይቆይ ሱቁን ዘግቶ ሌላ ከተማ ልጁ ዘንድ ገባ።

እትዬ ፊውዝን ያስጨነቃት ግን የቼዙ መቅረት አልነበረም፤ ዝምታው ነው። ያ ሁሉ ወሬ፣ ያ ሁሉ ማስታወቂያ ጠፋ። «ሻይ አለ?» «አለ።» «መሸ?» «መሸ።» አለቀ። «እቴ» የምትለዋ ቃልም አብራ ሄደች። መቼ እንደቀረች ልብ አላለችም፤ አንድ ቀን ምጣድ እያጠበች ስታስበው፣ ጋሼ እቴ ካላት ቆይቷል። እዚያው እጇ በሳሙና እንደተነከረ አለቀሰች። ወንድሟ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ናፈቃት።

ዝም ብላ የምታይ ሴት አይደለችም። ፀጉር አስተካካዩ በስልኩ አንድ የኢንተርኔት ቼዝ ቦታ ላይ እንደሚጫወት፣ እዚያም ራሱን «ምላጭ» ብሎ እንደሰየመ ሰምታ ነበርና፣ መጀመሪያ በስልክ ሞከረች። የጋሽ ስምሪት ጣት ወታደሩን ሊነካ ሄዶ ንግሥቲቱን ነካ፤ ንግሥቲቱም በከንቱ ተበላች። ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውሮ ተነሣ። ቀጥሎ ከፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት ላፕቶፕ ተዋሰች። የላፕቶፑ ቁልፎች ስስ ናቸው፤ አንዲት ፊደል እነካለሁ ሲል መስመር ሙሉ ፊደል ይንጋጋል። «ውሰጅላት» አለ። «እጄን ለማሾፍ የተሠራ ነው።»

መፍትሔውን ያገኘችው ሳትፈልገው ነው። አንድ ከሰዓት የሱቁ በኩል መብራት ሄደና በጊዜ ወደ ቤት ተመለሰች። ቤቱ ጭር ብሏል። ከዕቃ ቤት በኩል ግን ቷ... ቷ... ቷ የሚል ድምፅ ይሰማል። በሩን ገርበብ አድርጋ አየች። ጋሽ ስምሪት የድሮ ኮምፒውተሩን ከትንሿ ቴሌቪዥን ጋር አያይዞ ተቀምጧል።

ይህ ኮምፒውተር በወጣትነቱ ከአንድ ሥራውን ከዘጋ መሥሪያ ቤት ጨረታ የገዛው ነው። ቁልፍ ሰሌዳውና ኮምፒውተሩ አንድ አካል ናቸው፤ ወፍራም፣ ቢጫ የሆነ ፕላስቲክ፣ ፕሮግራሙን ከካሴት የሚጭን። በተበላሸ ቁጥር የምትጠግነው እሷ ስለነበረች አንጀቱን በቃሏ ታውቀዋለች። ያላስተዋለችው ቁልፎቹን ነበር። ጥልቅና ጠንካራ ናቸው፤ ከልብ ካልተጫኗቸው ፊደል አይሰጡም። ጋሽ ስምሪት የመዳፉን ሥር ጠርዙ ላይ ያሳርፋል፣ እጁ እስኪበርድለት ይጠብቃል፣ ከዚያ ይጫናል። ቷ። ሲንቀጠቀጥ የሚነካቸው ሌሎች ቁልፎች ንቅንቅ አይሉም። ከማሽኑ ጋር ቼዝ እየተጫወተ ነው፤ አንድም ስህተት አልሠራም።

«ጋሼ፣ እያሸነፍክ ነው እንዴ?» አለችው።

«ይሄን?» አለ ዞር ሳይል። «ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ነው የሚሠራው። እንደምበላው እያወቅሁ መብላት ምን ትርፍ አለው?»

እዚያው በሩ ላይ ቆማ ቆረጠች። ይህ ማሽን ምላጭ ካለበት መድረስ አለበት።

ነገሩ የሚመስለውን ያህል እብደት አልነበረም። ያ የቼዝ ቦታ ሥዕል የሌለው፣ በፊደል ብቻ የሚገባበት አሮጌ በር እንዳለው አነበበች። ያረጀ ኮምፒውተርም ከሩቅ ማሽን ጋር የሚያነጋግረው ሞደም ካለው በዚያ በር ይገባል። ድሮ ሞደም የሚሠራው በስልክ መስመር ነበር፤ የእነሱ ቤት መስመር ግን ከተቆረጠ ዘመን የለውም። አሁን ለእነዚህ አሮጌ ማሽኖች በዋይፋይ የሚሠራ ሞደም የሚሸጡ ሰዎች ውጭ አገር አሉ። ዋጋውን ስታይ «ወግድ!» ብላ ገጹን ዘጋችው። ቆይታ ደግሞ ከፈተችው፤ ዋጋውን በጣቷ ከልላ የሆዱን ፎቶግራፍ ማየት ጀመረች። መሐል ላይ የተቀመጠችውን የዋይፋይ ሰሌዳ የሆነ ቦታ አይታታለች። ጥፍር ታህላለች፣ ጫፏ ላይ እንደ እባብ የተጣጠፈ የመዳብ መስመር አላት።

የት እንዳየቻት ትዝ ሲላት ሳቋ መጣ። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት ማሽኖቿን ከቤቷ ሆና በስልክ ላብራ፣ ላጥፋ ብላ የገዛቻቸው ሁለት ዘመናዊ ሶኬቶች ነበሩ። ሁለቱም ማብራት እምቢ ሲሉ «እትዬ፣ ጣያቸው» ብላ ሰጥታታለች። እትዬ ፊውዝ ደግሞ ጣይ የተባለችውን ዕቃ ጥላ አታውቅም። ከፈተቻቸው። የተቃጠለው ማብሪያ ማጥፊያው ነው፤ ዋይፋይዋ በሁለቱም ውስጥ ደህና ናት።

ሰዎች ሠርተው በነፃ የለቀቁት ሞደም የሚያደርግ ፕሮግራም አለ። እሱን ለመጫን ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደች።

«እትዬ፣ ሰው ተሰልፏል፤ ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ባለቤቷ ላፕቶፑን እየሰጠቻት።

«ሶኬትሽን ቼዝ ላስተምረው ነው።»

«በጤናሽ ነው?»

«ዛሬ በጤናዬ ነኝ። ነገ ካልሠራ ያኔ ጠይቂኝ።»

የተሰለፈው ሰው መታወቂያውን እያራገበ ሲያጉረመርም ዞር ብላ አየችው፤ ማራገቡን ተወ። ፕሮግራሙ ገባ።

እዚህ ላይ እትዬ ፊውዝ ደንበኞቿን ሁሉ የምትሰድብበትን ስህተት ራሷ ሠራችው፤ ቸኮለች። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ካለው ሶኬት የሚወጣው ጉልበት ብርቱ ነው፤ ትንሿ ሰሌዳ ግን ከሁለት ባትሪ ድንጋይ በላይ የምትችል አይደለችም። መለኪያው እጇ ሥር እያለ ሳትለካ ሽቦውን በቀጥታ ቀጠለችው። ቲስ አለ፣ ቀጭን ጭስ ወጣ፣ ክፍሉ በተቃጠለ ፕላስቲክ ጠረን ተሞላ። በገዛ ራሷ ተናድዳ መበየጃውን ወረወረች።

ከወዲያኛው ክፍል የጋሽ ስምሪት ድምፅ መጣ። «ፊውዙ ነው?»

አፏን ለስድብ ከፍታ ሳለ ቆም አለች። ይህ ቀልድ ነው። ጋሼ ቀለደ። ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ የመጀመሪያው ነው፤ ያውም በእሷ ላይ! የተቃጠለችውን ሰሌዳ እያየች ብቻዋን ሳቀች። አንዲት ሰሌዳ ከፍላ አንድ ቀልድ ያገኘች መሰላት፤ ተስማማት። ግን የቀረችው አንድ ናት፤ እሷም ከተቃጠለች ሌላ የሚጣል ሶኬት የላትም።

ስለዚህ በሁለተኛው ዙር ረጋ አለች። በመካከላቸው ጉልበቱን የሚያበርድ አንድ ቺፕ ያስፈልጋል። ገበያ ላይ ፈልጋ አጣች፤ በመጨረሻ ከጠረጴዛዋ ሥር ያለውን ክምር አየችው። አሮጌዎቹ ሪሲቨሮች ጀርባቸው ላይ ማንም የማይነካው፣ ለምን እንደተቀመጠ ማንም የማያውቀው አንድ ሶኬት አላቸው። ከዚያ ሶኬት ጎን ያቺ ቺፕ አለች! የመጀመሪያውን ስትነቅል እግሩን ሰበረችው። የሁለተኛው ቺፕ ዝጓል። የሦስተኛው፣ ትንፋሿን ይዛ በመበየጃው አሙቃ፣ ቀስ አድርጋ ስትጎትተው እንደ በሰለ ፍሬ እጇ ላይ ወደቀ። ልብስ ሰፊውን ጠርታ ቺፑን አሳየችው፤ «ቆሻሻ ነው አላልክም?» አለችው። ምን እያሳየችው እንደሆነ አልገባውም፤ ግን ይቅርታ ጠየቃት።

ሁሉንም በያይዳ አንድ ባለ ክዳን ሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ከተተችው። ለመብራቷ ቀዳዳ በጋለ ሚስማር ወጋች። ኃይሉን ከአሮጌ ስልክ ቻርጀር አገኘች። እሑድ ከምሳ በኋላ ዕቃ ቤት ገብታ፣ ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ሰካች። መብራቷ ብልጭ አለች። ጭስ የለም። የቤቱን ዋይፋይ አገኘች። ከኮምፒውተሩ ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ሞደም የሚጠራባቸውን ሁለት የላቲን ፊደላት ጻፈች። ሞደሟ በሕይወት ካለች «ኦኬ» ብላ መመለስ አለባት።

ምንም።

ደግማ ጻፈች። ምንም። ሽቦውን ነቅላ ሰካች፣ ቺፑን ፈተሸች፣ ኃይሉን ለካች። ሁሉም ደህና ነው፤ ደህና ሆኖ ግን ዝም ብሏል። በዚህ ቤት ዝምታ እንደሆነ በቅቷታል። «ምናባሽ ሆነሽ ነው የማትመልሺው!» ብላ ሳሙና ማስቀመጫዋን አንሥታ ልትወረውር ስትል፣ በሩ ላይ ጋሽ ስምሪት ቆሟል።

«ማንን ነው የምትሳደቢው?»

እስካሁን ምን እየሠራች እንደሆነ አልነገረችውም ነበር፤ ሳይሳካ ቢቀር ተስፋው ሁለተኛ እንዳይሰበር ነው። አሁን ተይዛለች። ስለ ምላጭ፣ ስለ አሮጌው በር፣ ስለ ሶኬቱ ሁሉንም አንድ ላይ አፍረጠረጠችለት። ጋሽ ስምሪት ጠጋ ብሎ ሰማ። ሳሙና ማስቀመጫዋን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«የት ጋ ነው የቀጠልሻቸው?»

«ይኸው፣ አንተ ራስህ የለጠፍከው ፕላስተር ላይ እንዳለው ነው እንጂ!» አለች ኮምፒውተሩን እያዞረች። እውነትም ከጀርባው፣ ከሶኬቱ በላይ፣ በወጣትነት እጁ የጻፈባቸው ሁለት ትንንሽ የደረቁ ፕላስተሮች አሉ። አንዱ «አፍ» ይላል፣ አንዱ «ጆሮ»። «የሳጥኔን አፍ ከዚህ ጆሮ፣ የሳጥኔን ጆሮ ከዚህ አፍ ጋር ነው ያገናኘሁት። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?»

ጋሽ ስምሪት ፕላስተሮቹን በቅርብ አያቸው። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እሷ ሕመሙ የባሰበት መስሏት ደነገጠች። ለካ እየሳቀ ነው።

«እሱ እኮ የማሽኑ ጆሮ አይደለም» አለ።

«ታዲያ የማን ነው?»

«ያንቺ ነዋ! ‘ጆሮ’ ብዬ የጻፍኩት፣ ከዚህ የሚወጣው ወደ ጆሮ ይሄዳል ለማለት ነው። አፉ እኔ ነኝ፣ ጆሮዋ አንቺ። ሌላ ጆሮ መቼ አውቅ ነበርና?»

እትዬ ፊውዝ ፕላስተሮቹን ደግማ አነበበቻቸው። የቲማቲም ጣሳዋ፣ ክሩ፣ መኝታ ቤቱ መስኮት፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። አፍ ከአፍ ጋር ገጥማ፣ ጆሮን ከጆሮ ጋር አስራ፣ ማን ለማን ይመልስ? ልትሰድበው ፈለገች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ የትኛውን ሽቦ እንደያዘች አልታይ አላት። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ሁለቱን ሽቦዎች አለዋወጠቻቸው።

«በል ጻፍ» አለችው።

«እኔ?»

«አንተ ነህ አፉ።»

የመዳፉን ሥር ጠርዙ ላይ አሳረፈ። ጠበቀ። እጁ በረደለት። ቷ። ቷ። ስክሪኑ ላይ ሁለቱ ፊደላት ቆሙ፤ ኤ እና ቲ። የሁለቱን ስም አያይዞ «ኤቲ» ለሚል ሰው ከአንዲት ቃል ሌላ አይመጣለትም።

«እቴ?» ብሎ አነበበ።

«እንደዚያ ካላልካት አትሰማም» አለች ሳሙና ማስቀመጫዋን እየጠቆመች። «ትእዛዝ ሁሉ በእሷ ነው የሚጀምረው።»

የመጨረሻውን ቁልፍ ተጫነ። ከሥሩ፣ በደማቅ ፊደል፣ «ኦኬ» የሚል ቃል ብቅ አለ።

ሁለቱም ቃሉ ተመልሶ የሚጠፋ ይመስል አፈጠጡበት። ቀድሞ ነፍስ የዘራው ጋሽ ስምሪት ነው። «ድገሚው!» ብሎ ራሱ ደገመው። ኦኬ። እንደገና። ኦኬ። «ትመልሳለች! ሰማሽ? በጠራኋት ቁጥር ትመልሳለች!» እትዬ ፊውዝ ግድግዳውን በመዳፏ እየደበደበች እልል አለች፤ ከሱቁ አሮጌ ቆሻሻ፣ ከሰው ጣይ ከተባለ ሶኬትና ከሳሙና ማስቀመጫ የተሠራች ሞደም ናት፤ እልልታ አይበዛባትም።

የቼዙን ቦታ አድራሻ ጽፎ አስደወላት። ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም አለች። መገናኘቷን የሚያበስረው «ኮኔክት» የሚል ቃል መጣና ከኋላው የፊደል ጎርፍ ስክሪኑን ሞላው፤ ሰላምታ ነው፣ ደንብ ነው፣ የተጫዋቾች ስም ነው። በስሞቹ መካከል ምላጭ አለ። ጋሽ ስምሪት ለራሱ «ስምሪት» የሚል ስም ሰጠና ጨዋታ ጠየቀው።

የምላጭ መልስ በላቲን የተጻፈ አማርኛ ሆኖ ወዲያው ደረሰ። «ወንድሜ! አንተ ነህ? እጅህ እንዴት ሆነልህ?»

ጋሽ ስምሪት መልሱን ለመጻፍ ጊዜ ወሰደበት። ቷ፣ ቷ፣ ቷ። እትዬ ፊውዝ በትከሻው ላይ አንገቷን አስግጋ አነበበች፦ «እጄን ተወውና ንጉሥህን ጠብቅ።»

እሷ ቼዝ አታውቅም። የምታውቀው የወንድሟን ጀርባ ነው። መጀመሪያ ጎበጥ ብሎ ነበር፤ ቀስ በቀስ ቀና አለ። ስክሪኑ ላይ ሰሌዳው በፊደልና በነጥብ ተስሏል፤ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ በሐሳቡ ነው የሚያየው። እርምጃ ሲመጣ «አሃ» ይላል፣ «ይሄን ነው ያሰብክ?» ይላል፣ ይጠብቃል፣ ይጫናል። አንዴ ጣቱ ሌላ ቁልፍ ላይ አረፈ፤ ቁልፉ ግን ንቅንቅ አላለም። ወታደር ገበረ፣ ፈረስ በላ፣ ግንቡን አስገባ። ድምፁ እየጎላ፣ እየጎላ መጣ። «ተሳፋሪ ንጉሥ ወደ ጥግ ይጠጉ! ወደ ጥግ! መውጫ የለም!» ይል ጀመር፤ ቤቱ በድሮ ድምፁ ተሞላ፤ ጎረቤት በመስኮት «ደህና ናችሁ?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ ፊውዝ ሻይ ልታፈላ ማዕድ ቤት ገባች፤ በዚህ ጫጫታ መካከል መቆም ልቧ አልቻለም።

ምላጭ እጁን ሰጠ። ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ መስመር ጨመረ። ጋሽ ስምሪት አነበበው፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ደግሞ አነበበው።

«አሁንስ ልናገር» ይላል መስመሩ። «ያኛውም ጨዋታ እኩል አልነበረም። ፈረስህ ሊገባልህ ነበር፣ ከዚያ በኋላ መዳኛ አልነበረኝም። ሰሌዳው ሲወድቅ ቶሎ ብዬ እኩል አልኩ። ይኸው ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

አላዘነለትም ነበር! አጭበርብሮታል እንጂ! የዚህን ያህል የሚያስደስት መጭበርበር ጋሽ ስምሪት በዕድሜው አላጋጠመውም። ያን ሁሉ ወራት ሲያንገበግበው የኖረው እዝነት ለካ ከመጀመሪያው አልነበረም፤ ፀጉር ቤቱ ወለል ላይ ጎንበስ ብሎ ሲለቅም የነበረው ሽንፈቱን የሚደብቅ አንድ ሌባ ነው። ሳቀ። እስኪያስለው፣ ወንበሩ እስኪንቃቃ ሳቀ። የሚነግረው ሰው ፈለገ፤ እንዲህ ያለ ወሬ ብቻውን የሚይዘው ዓይነት አይደለም።

«እቴ!» ብሎ ተጣራ። «ወይ እቴ! ነይ ጉድ ስሚ!»

ማዕድ ቤት ውስጥ ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። ሻዩ ገነፈለ፤ ገንፍሎ ምድጃው ላይ ሲንቸሰቸስ አልነካችውም። ቃሉ ውስጧ እስኪገባ ድረስ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። ከዚያ ጎርባጣ ድምፅዋን በተቻላት መጠን ከፍ አድርጋ፣

«ኦኬ!» አለች።